ጠርዙን ለኔ ተወው

አጥናፉ ጠዋት ሲነሳ፣ ፊቱን ከመታጠቡ በፊት በሰርቪስ ቤቱ ደፍ ላይ ቆሞ ሳሩን ማየት ልማዱ ነው። ከትልቁ ቤት በረንዳ ጀምሮ እስከ ሐይቁ አፋፍ ቁልቁል የተዘረጋው ሳር ጤዛውን እንደተሸከመ፣ ፀሐይ ገና ሳታገኘው፣ ከስሩ የራሰ አፈርና የበሰበሰ ቅጠል ሽታ እየላከ፣ ማንም ረግጦት የማያውቅ ይመስላል። አጥናፉ ግን ረግጦታል። ከአስር ዓመት በላይ ተንበርክኮ በማጭድ አጭዶታል፤ ጉልበቱ እንደ ግመል ጉልበት የደደረው እዚህ ነው፣ ወገቡ አልቃና ያለው እዚህ ነው። ታዲያ የቤቱ እመቤት እትዬ ፀዳለ ከበረንዳቸው ሆነው አንድ ቀን እንኳ «አጥናፉ፣ ዛሬ ሳሩ አምሮበታል» ብለውት አያውቁም።

ይልቃልን ግን ብለውታል።

ማሽኑ የመጣ ጊዜ ይልቃል ከተቀጠረ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። የእትዬ ፀዳለ ወንድም ከውጭ አገር ሲመጣ በትልቅ ካርቶን ይዞት የመጣ፣ በባትሪ የሚሰራ የሳር ማጨጃ ነው። ቤንዚን አይል፣ ጭስ አይል፤ ባትሪውን እንደ ስልክ ቻርጅ አድርጎ መክተት፣ ቁልፉን መሰካት፣ ከዚያ እጀታው ላይ ያለውን ቀጭን ብረት ከእጀታው ጋር አጣብቆ መጨበጥ ብቻ። ብረቱን የለቀቁ እንደሆነ ማሽኑ ወዲያው ይጠፋል። አጥናፉ እጁን በሱሪው ጠርጎ ሊቀበል ጠጋ ሲል፣ እትዬ ፀዳለ ሳቅ አሉና «አይ፣ አንተ ተወው፤ ትሰብረዋለህ። ይልቃል ይያዘው፣ እሱ አስረኛ የደረሰ ነው» አሉ። ሰው ፊት ነው ያሉት። ጥበቃው ጋሽ ዲሳሳ ቆሞ ነበር፣ ወጥ ሰሪዋ ቆማ ነበር። አጥናፉ አራተኛ ክፍልን አለመጨረሱ እውነት ነው፤ እውነት ሁሉ ግን በአደባባይ ይነገራል እንዴ?

ይልቃል ደግሞ ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር። ክፉን ሰው ጠልተው ይገላገሉታል። እሱ ግን «ጋሼ» ይለው ነበር፣ ምሳውን ሳይጠራው አይበላም ነበር፣ የውሃውን ጎማ ሲጨርስ እንደ እባብ ጠቅልሎ ጫፉን ወደ ውስጥ እያስገባ ለነገ ያዘጋጅለት ነበር። የግራ አውራ ጣቱን ድንጋይ መትቶት ጥፍሩ እንደ ከሰል ጠቁሯል፤ በዚያች ጥቁር ጥፍር ማሽኑን መታ መታ አድርጎ ነበር ስራ የሚጀምር። ወደ ሐይቁ ያለውን የመጨረሻ መስመር ደግሞ ለማንም አይሰጥም። «ጋሼ፣ ጠርዙን ለኔ ተወው፤ አንተ ጉልበትህን ያምሃል» ይል ነበር። አጥናፉ ግን ነገሩ ገብቶታል። ከበረንዳው ፊት ለፊት የሚታየው፣ እንግዳ ሁሉ ቆሞ የሚያደንቀው ጠርዙ ነው። ለራሱ የሚያምረውን ይዞ፣ ለሌላው ጓሮውን እየተወ፣ ደግሞ አዛኝ ይመስላል።

ከዚያ በሐምሌ፣ ዝናቡ በባሰበት ሰሞን፣ አፋፉን ደግፎ የያዘው የድንጋይ ግንብ በአንድ በኩል ተንዶ ይልቃልን ይዞት ወረደ። ታች፣ ሐይቁ ዳር፣ ድንጋይ ላይ ነው ያገኙት። ማሽኑ ግን ላይ ቀርቷል፤ ከተናደው አፍ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ዝም ብሎ ቆሟል። ለቅሶ ላይ ሰው ሁሉ ይህንኑ ሲያነሳ ዋለ። «ሲወድቅ እንኳ ለቆት ነው የወደቀው፤ የሰው ንብረት አብሮት እንዳይሰበር» እያሉ እናቱን አስለቀሷት። እትዬ ፀዳለም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አለቀሱ። አጥናፉ ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጦ ንፍሮውን እየቆረጠመ፣ ለካ ሰው ሞቶም ይበልጣል፣ ይል ነበር በሆዱ። እሱ ቢወድቅ ማን ሊያለቅስለት ነው? ማጭዱ?

ግንቡ ተጠገነ። ግንበኛው ድንጋዩን መልሶ ደረደረ፣ ከኋላው አፈር ሞላበት፣ አጥናፉ ደግሞ ከጓሮ ሳር ከነአፈሩ ነቅሎ ከላይ አለበሰው። ግንበኛው እቃውን ሰብስቦ ሲወጣ «ዝናብ ሲመታው ይህ አፈር ይወርዳል። ቆይቶ እንደገና ይሞላ፣ ይጠቅጠቅ። ለሴትዮዋ ንገራቸው» አለው። አጥናፉ አልነገራቸውም። ማን ጠየቀው? በዚህ ቤት ምክር የሚሰማው ከአስረኛ ክፍል ወዲያ ነው።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል እትዬ ፀዳለ ወደ በረንዳው አስጠሩት።

«ይልቃል…» አሉና ከንፈራቸውን ነከሱ። «አጥናፉ ማለቴ ነው። እሁድ የልጄ የሜላት ቀለበት ነው። ፎቶ የሚነሱት ታች፣ ሐይቁን ከኋላ አድርገው ነው። ሳሩ ምንጣፍ እንዲሆን እፈልጋለሁ፣ እስከ ጠርዙ። እሱ ያደርገው እንደነበረው።»

«እሺ እትዬ። በማጭድ ከሆነ…»

«ማጭድ ይቅርብኝ! ማጭድማ ሳሩን እንደታመመ በግ ነው የሚያስመስለው። በማሽኑ። ካቃተህ ደግሞ ዛሬውኑ ንገረኝ፤ የይልቃል ታናሽ ወንድም ስራ አጥቶ ተቀምጧል አሉ፣ እናቱን ልርዳት ብዬም አስቤ ነበር። ያንተን ክፍል እሱ ይገባበታል።»

አጥናፉ እጅ ነስቶ ወረደ። አስር ዓመት የተኛባት ክፍል፣ ምስማር መትቶ ኮቱን የሰቀለባት ግድግዳ፣ ለሟች ወንድም! ይልቃል ከመቃብር ሆኖ እንኳ እጁን ዘርግቶ የአጥናፉን እንጀራ ሊወስድ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ባትሪውን ከቻርጀሩ አወጣው። አረንጓዴ መብራቶቹ ሁሉም በርተዋል። ከተተው፣ ቁልፉን ሰካ፣ ብረቱን ሊጨብጥ ሲል ጋሽ ዲሳሳ ከአጥሩ በር አጠገብ ዱላውን ተደግፎ ተጣራ።

«አንተ! ነፍስ ይማር በል እንጂ መጀመሪያ። የሟች እቃ ዝም ብሎ አይነሳም። አርባውም አልወጣ።»

«የእትዬ እቃ ነው። የሱ መቼ ሆነና?»

«ብትል አፍህ ይቆስላል?»

አጥናፉ አላለም። ብረቱን ጨበጠ። ማሽኑ ያን የለሰለሰ ድምፁን፣ ቀፎ ውስጥ እንዳለ ንብ ያለውን፣ ሲያሰማ ደረቱ ውስጥ ለብዙ ጊዜ ተቋጥሮ የኖረ ነገር ተፈታ። ይኸው ነው እንዴ? ይህ ነው አስረኛ ክፍል የሚጠይቀው? ከበረንዳው ስር ጀምሮ ቁልቁል ገፋው፤ ሳሩ ከምላጩ ስር እንደ ውሃ ይተኛል፣ የተቆረጠ ሳር አረንጓዴ ሽታ አፍንጫው ውስጥ ገብቶ እስከ ጉሮሮው ድረስ ይጣፍጣል፣ ከኋላው የሚተወው መስመር ቀጥ ያለና ገርጣ ያለ ነው። የሐይቁ ንፋስ ፊቱን መታው። አፋፉ ጋ ሊደርስ አንድ እርምጃ ሲቀረው የማሽኑ ድምፅ ሰፋ፣ ከበሮ ላይ የወጣ ይመስል ከስሩ የሚመልስለት ሌላ ድምፅ ተጨመረበት። ከዚያም ጠፋ።

ዝምታው ድንገተኛ ነበር። ታች፣ ሩቅ፣ ውሃው ድንጋዩን ሲልሰው ይሰማል።

አጥናፉ እጁን ተመለከተ። ጣቶቹ እንደተጨበጡ ናቸው። ብረቱ ግን ከጣቶቹ ወጥቶ ከእጀታው ተላቆ ወደ ፊት ቆሟል።

እንደገና ጨበጠው፤ ተነሳ። ገፋው፤ ጠፋ። ባትሪውን አወጣው፣ መብራቱ ሙሉ ነው። ቁልፉን ነቅሎ ጫፉን በሸሚዙ ጠረገና መልሶ ሰካው። ማሽኑን በጎኑ አጋድሞ ከምላጩ ዙሪያ የተጋገረውን እርጥብ ሳር በእንጨት ፈነቀለ፤ እፍኝ ሙሉ፣ እንደ እበት የሚሸት። ሳሩን ረዘም አድርጎ እንዲቆርጥ መንኮራኩሮቹን ከፍ አደረገ። ሞቆት እንደሆነም ብሎ ጥላ ስር አሳረፈው። ወደ ላይ፣ ወደ በረንዳው ሲመልሰው እንደ ንብ ይዘምራል። ከግራ ቢመጣበት፣ ከቀኝ ቢመጣበት፣ ወደ ኋላ እየጎተተ ቢሞክረው፣ አፋፉ አንድ እርምጃ ሲቀረው ይሞታል። ብረቱም ሁልጊዜ ከጣቶቹ ስር በቀስታ፣ በትህትና፣ ሰው እቃ ሲቀበል እንደሚያደርገው ሆኖ ይወጣል።

«አብልተኸዋል ባትሪውን?» አለ ጋሽ ዲሳሳ ምሳ ሰዓት ላይ ወርዶ።

«ጠግቧል።»

«እንግዲህ እንዳንተ ነዋ። ጠግቦ ይተኛል።»

«ጋሽ ዲሳሳ፣ ቀልድ አልፈልግም። ብረቱ እየተለቀቀ ነው።»

«አንተ ስትለቀው ነዋ።»

«አልለቀቅኩትም እኮ!»

ሽማግሌው እጀታውን ሊይዝ እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው። ጣቶቹን እርስ በርስ አሻሸ። «ቀዝቃዛ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «በዚህ ፀሐይ?» ከዚያ ዱላውን ይዞ ወደ በሩ ወጣ።

አጥናፉ ዳሰሰው። እሱ የያዘበት ቦታ በላቡ ሞቋል። ከእጆቹ ወዲያና ወዲህ ግን፣ ሁለት መዳፍ በሚያርፍበት ልክ፣ ጥቁሩ ፕላስቲክ እንደ ምንጭ ድንጋይ ይቀዘቅዛል፣ ጤዛም አርፎበታል።

ዓርብ ነገሩን በዘዴ ያዘው። ማሽን የሚይዝ ሰው ሁሉ እጁ ሲዝል እንደሚያደርገው፣ ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ ቀጭን ማሰሪያ ቆርጦ ብረቱን ከእጀታው ጋር ጠፍሮ አሰረው። ይልቃል ግን ይህን አድርጎ አያውቅም ነበር፤ «ጋሼ፣ ብረቱ የተሰራው ሰው ሲወድቅ እንዲጠፋ ነው» ብሎ አስተምሮት ነበር፣ ማን አስተምረኝ እንዳለው እንጃ። አጥናፉ አስሮ ሲጨርስ ምሳ ተጠራ። ማሽኑን እዚያው አፋፉ ጋ፣ አፍንጫውን ወደ ሐይቁ አድርጎ ትቶት ሄደ። ሲመለስ እዚያ አልነበረም። አቀበቱን ተመልሶ፣ አዲስ አፈር ከተሞላበት ቦታ ወዲህ፣ ደህናው መሬት ላይ ቆሟል። የመንኮራኩሮቹ ዱካ በእርጥቡ ሳር ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የሰው ዱካ የለም። የጎማው ማሰሪያ ተፈትቶ ማሽኑ ጀርባ ላይ ተቀምጧል፤ እንደ እባብ ተጠቅልሎ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ገብቶ።

አጥናፉ ማሰሪያውን አንስቶ አየው። ሌላ ሰው ቢሆን ይፈራ ነበር። እሱም ሳይፈራ አልቀረም፤ ንዴቱ ግን ፍርሃቱን ቀደመው። ይህ ሰው ዛሬም አይሆንልህም እያለው ነው። ዛሬም ተወው፣ ትሰብረዋለህ፣ እያለው ነው።

«ጠርዙን አትነካብኝ ነው?» አለ ድምፁን አውጥቶ። «አንተ ብቻ ነህ የምታሳምረው?»

ንፋስ አልነበረም። ከእግሩ ስር፣ ከሳሩ መካከል፣ ቀዝቃዛ አየር ሽው ብሎ ወጣና ቁርጭምጭሚቱን ነካው፤ አዲስ የተቆፈረ ጉድጓድ ሽታ ነበረው።

ማታ ላይ ማሽኑን እቃ ቤት አስገባ። አምፖሉ ከተቃጠለ ቆይቷል። በጨለማው ውስጥ የማዳበሪያው ከረጢት፣ የዛገው አካፋ፣ የደረቀው ሳር እያንዳንዳቸው በሽታቸው ይታወቃሉ። ባትሪውን አውጥቶ ቻርጀሩ ላይ ሲሰካው ትንሿ መብራት በራች፤ በዚያች ብርሃን የማሽኑ እጀታ እንደ ሁለት ቀጫጭን ክንድ ወደ እሱ ተዘርግቶ ታየው። በሩን ሊዘጋ ሲዞር ከኋላው ቀጭ አለ። ብረቱ ነው፣ ሲጨበጥ የሚያሰማው ድምፅ። ከዚያ ሲለቀቅ። ቀጭ። እንደገና ተጨበጠ፣ እንደገና ተለቀቀ፤ ባትሪ በሌለው ማሽን ላይ፣ በትዕግስት፣ ለማይገባው ተማሪ ደጋግሞ እንደሚያሳይ አስተማሪ። አጥናፉ በሩን ዘግቶ መቀርቀሪያውን ወረወረ። ሌሊቱን ያንን ድምፅ ሳይሆን የእትዬ ፀዳለን ሳቅ ሲሰማ አደረ።

ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ሊመሽ ሲል ደመናው ተገልጦ ፀሐይ ሐይቁ ላይ ስታዘቀዝቅ እትዬ ፀዳለ በረንዳ ወጡ። ጎናቸው ልጃቸው ሜላት ነበረች። ከላይ እስከ ታች ያለው ሳር ምንጣፍ መስሏል፤ አፋፉ ጋ ግን እንደ ገበሬ ፂም የረዘመ ሳር ተንጨፍርሮ ቆሟል።

«አጥናፉ! ያ ነገር ምንድነው?» አሉ። «ነገ ጠዋት ሰው ሊመጣ ነው! ለዲሳሳ ልንገረው እንዴ፣ ለዚያ ልጅ ይደውልለት?»

«አሁን ነው እትዬ! አሁን እጨርሰዋለሁ!»

ወደ እቃ ቤት ሮጠ። ጎማ አይደለም ያነሳው፤ ሽቦ ነው። ብረቱን ከእጀታው ጋር አዙሮ አዙሮ በጉጠት አጠበቀው፣ ጫፉን አጠፈው፣ ጣት የሚፈታው ነገር እንዳይሆን አደረገው። ባትሪውን ከትቶ ቁልፉን ሲሰካ ማሽኑ ማንም ሳይጨብጠው ተነሳ። አጥናፉ ሳቀ። ይኸው! አራተኛ ክፍል!

ቁልቁል ገፋው። አፋፉ አንድ እርምጃ ሲቀረው ድምፁ እንደልማዱ ሰፋ፣ ከበሮው ከስር መለሰለት። ብረቱ በሽቦው ውስጥ ተንቀጠቀጠ፣ አንዴ፣ ደግሞም በኃይል፣ እንደታሰረ ወፍ። ማሽኑ ግን አልጠፋም። አጥናፉ አንድ ጊዜ ገፋ፤ ረጅሙ ሳር ከምላጩ ስር ተኛለት። ያን ጊዜ እጀታው ወደ ኋላ ተጎተተ።

መጀመሪያ መንኮራኩሩ ድንጋይ ያገኘው መሰለው። አጎንብሶ በትከሻው ገፋ፤ ያም ጎተተ። ፊቱ ላይ የሌላ ሰው ትንፋሽ፣ ከባድ ነገር ተሸክሞ አቀበት የሚወጣ ሰው ትንፋሽ፣ ቶሎ ቶሎ ይመጣል፤ እርጥብ አፈር ይሸታል። አጥናፉ ቀና ሳይል ዓይኑን ብቻ ወደ ጎን አዞረ። ከግራ እጁ አጠገብ፣ በምትጠልቀው ፀሐይ ቀይ ብርሃን፣ እጀታውን የጨበጠ አውራ ጣት አየ፤ ጥፍሩ እንደ ከሰል ጠቁሯል። ከዚያ ወዲያ፣ ክንድ መኖር ባለበት ቦታ፣ ሐይቁ ብቻ ነበር።

ጮኸ፤ የፍርሃት ጩኸት ግን አልነበረም።

«ልቀቅ! አሁን የኔ ነው! ልቀቅ አልኩህ!»

ጥቁሩ ጥፍር እጀታውን መታ መታ አደረገ፣ ለመጨረሻ ጊዜ እንደሚለምን ሰው፣ በቀስታ። አጥናፉ ባለ በሌለ ኃይሉ፣ በደደረው ጉልበቱና ባልቃናው ወገቡ፣ ባስር ዓመት ቂሙ ሁሉ ወደፊት ገፋ።

እነዚያም እጆች እጀታውን ለቀቁት።

ማሽኑ ቀለለ። እንደ ንብ እየዘመረ፣ ቀጥ ብሎ፣ ማንም ሳይከለክለው ወደ ጠርዙ ገባ፤ ረጅሙ ሳር ግራና ቀኝ ተኛ፣ መስመሩም አማረ፣ ይልቃል ካወጣቸው መስመሮች ሁሉ አማረ። ከበረንዳው ላይ የእትዬ ፀዳለ ድምፅ ንፋሱን ይዞ ወረደ፤ «ጎሽ! ጎሽ አጥናፉ! እንዲህ ነው እንጂ!» ብለው በስሙ፣ ሳይሳሳቱ፣ ጠሩት። አጥናፉ ዞር ብሎ በደስታ አንድ እጁን አነሳላቸው፤ ያን ጊዜ ከኋላው የሚይዘው ሰው አልነበረም፣ ከእግሩ ስርም መሬት አልነበረም።